በ108 ድምፅ የተያዘ ወንበር፦ የ1792ቱ የኒውዮርክ አገረ ገዥ ምርጫ ተሰረቀ ወይስ በሕግ ተወሰነ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ የቆየ የምርጫ ክርክር ይዤ መጥቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በኤፕሪል 1792 ኒውዮርክ አገረ ገዥዋን መረጠች። ወንበሩ ላይ የነበረው ጆርጅ ክሊንተን ነው። ከ1777 ጀምሮ ከዚያ ወንበር አልተነሳም። ሊያስነሳው የመጣው ጆን ጄይ ነበር። ጄይ ያኔ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ዋና ዳኛ ነው። የኒውዮርክን የ1777 ሕገ መንግሥት በዋናነት ያረቀቀውም እሱ ነበር።

ውጤቱ ሲነገር ክሊንተን 8,440፣ ጄይ 8,332 ሆነ። ልዩነቱ 108 ድምፅ ብቻ። የሦስት ካውንቲዎች (የግዛቲቱ አውራጃዎች) ድምፅ ግን ጨርሶ አልተቆጠረም። ኦትሴጎ፣ ቲዮጋ፣ እና በአገረ ገዥው በራሱ ስም የተሰየመው ክሊንተን ካውንቲ።

አሠራሩን ካላወቅን ነገሩ አይገባንም። በዚያ ዘመን ድምፅ እዚያው በምርጫ ጣቢያው አይቆጠርም። የየከተማው ተቆጣጣሪዎች ወረቀቱን አሽገው ለካውንቲው ሸሪፍ፣ ማለትም ለሕግ አስከባሪው ሹም፣ ያስረክባሉ። ሸሪፉ በራሱ ወይም በምክትሉ እጅ ወደ ግዛቲቱ ዋና ጸሐፊ ቢሮ ያደርሳል። ከዚያ ከሁለቱ ምክር ቤቶች የተውጣጣ ኮሚቴ ሣጥኖቹን ከፍቶ ይቆጥራል፤ አሸናፊውን ያውጃል። ስለዚህ ሣጥኑ ካልተከፈተ ሕዝቡ ምን እንዳለ በይፋ የሚያውቅ የለም።

ኦትሴጎ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የነበረው ሸሪፍ የሹመት ዘመኑ በፌብሩዋሪ አልቋል። አዲሱ በማርች መጨረሻ ተሾመ፤ ቃለ መሐላ የፈጸመው ግን በሜይ ነው። በመሃል ምርጫ ተካሄደ። ሣጥኑን ተቀብሎ የላከው የድሮው ሸሪፍ ነበር። የቲዮጋውን ሣጥን እንዲያደርስ የተወከለው ሰው መንገድ ላይ ታመመና ለሌላ ሰው ሰጠው። የክሊንተን ካውንቲውን ያመጣው ደግሞ የጽሑፍ ውክልና አልነበረውም። ኮሚቴው ሰባት ለአራት ተከፈለ። ሰባቱ የክሊንተን ሰዎች ነበሩ። ሦስቱንም ካውንቲ ጣሉ።

ኦትሴጎ የጄይ ሰፈር እንደነበረ በሁለቱም ወገን ይታወቅ ነበር። እዚያ ያለው ብልጫ 108ን በቀላሉ ያልፋል ተብሎ ነው የተጠበቀው።

የኔ አቋም ይህ ነው። ሰባቱ ሰዎች ሣጥኖቹን መክፈት ነበረባቸው። ድምፅ የሰጠ ገበሬ በተላላኪው ወረቀት ጉድለት ድምፁን ሊያጣ አይገባም። ጄይ ውጤቱን ተቀብሎ ዝም ማለቱም ድክመት አልነበረም። እናንተስ?

መልስ 1

መጀመሪያ የመጣው ሰው በጣም በትሕትና አመስግኖ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። የአገሪቱ ዋና ዳኛ እንዴት ወርዶ ለአንድ ግዛት ይወዳደራል? ዛሬ ቢሆን አገር ይታመስ ነበር አለ።

መለስኩለት። ያኔ ዋና ዳኝነት እንደ ዛሬው ትልቅ ወንበር አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገና ሲቋቋም ጉዳይ እንኳ እምብዛም አይቀርብለትም ነበር። ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት ፈረስና ሠረገላ ላይ ነው፤ ከግዛት ግዛት እየዞሩ በተዘዋዋሪ ችሎት ይፈርዱ ነበር። ጄይ የምርጫውን ውጤት ሲሰማ ራሱ ለዚሁ ሥራ መንገድ ላይ ነበር። የኒውዮርክ አገረ ገዥነት ከዚህ የበለጠ ሥልጣንም ክብርም ነበረው።

መልስ 2

ሁለተኛው መልስ ለክሊንተን ጥብቅና የቆመ ነው። ጸሐፊው ክሊንተንን እንደ ወንበር ሙጭጭ ባይ ብቻ መሳል ግፍ ነው ይላል። ሰውየው በነፃነቱ ጦርነት ጄኔራል ነበር። እንግሊዞች ኒውዮርክ ከተማን ይዘው፣ በ1777 የግዛቲቱን መቀመጫ ኪንግስተንን አቃጥለው፣ ግዛቲቱን አንድ አድርጎ ያቆየ እሱ ነው። ትንንሽ ገበሬዎች ይወዱት የነበረው በከንቱ አይደለም። ጄይን የደገፉት ደግሞ ባለ ርስቶችና ነጋዴዎች ናቸው፤ ሚስቱም ከሊቪንግስተኖች ቤት ናት አለ።

አያይዞም ክሊንተን በጠባብ ልዩነት ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ አስታወሰ። በ1789 ሮበርት ዬትስን ያሸነፈው በ429 ድምፅ ነበር።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔም የሰውየውን የጦርነት ዘመን ሥራ አልክድም። ግን 429 ቀንሶ 108 ሲደርስ፣ ያውም ሦስት ካውንቲ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ምን እያለ እንደሆነ መስማት ነበረበት።

መልስ 3

ይኼኛው ሁለተኛውን አረመ። የትንንሽ ገበሬዎች ሰው መባሉን ለመቀበል ይቸግረኛል አለ። በ1791 የግዛቲቱ የመሬት ጽሕፈት ቤት ለአሌክሳንደር ማኮምብ 3.6 ሚሊዮን ኤከር ገደማ በኤከር ስምንት ፔኒ ሸጧል። ክሊንተን ከዚያ ጽሕፈት ቤት ኮሚሽነሮች አንዱ ነበር። በምርጫው ወቅት የጄይ ፓርቲ ሰዎች፣ ፌደራሊስቶች፣ ዋና ዱላቸው ያደረጉት ይህንን ሽያጭ ነው።

ቀጥሎ ግን ሚዛኑን ጠበቀ። ክሊንተን በግሉ እንደበላ ማስረጃ አልወጣም ብሏል። የፌደራሊስቶቹ ወገንም ከሐሜት ነፃ አልነበረም። በማርች 1792 ዊልያም ዱየር የተባለው ነጋዴ በብድር የገነባው ሁሉ ሲፈርስ የኒውዮርክ ገበያ ተናወጠ። ዱየር የያኔው የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትርና የፌደራሊስቶች መሪ የአሌክሳንደር ሃሚልተን የቅርብ ሰው ስለነበር ጭቃው ጄይን በሚደግፈው ቡድን ላይ ተረጨ። ምርጫው ሲደርስ ሁለቱም ወገን የሌላውን ጣት የሚያሳይበት ነገር ነበረው።

በዚህ ክር ውስጥ ካነበብኳቸው መልሶች ሁሉ በልክ የተጻፈው ይኼ ነው።

መልስ 4

ክርክሩ የተሟሟቀው እዚህ ላይ ነው። የሕግ ተማሪ ነኝ ያለ ሰው ረጅም መልስ ጻፈ። ቃናው ከበድ ያለ ነው። መነሻ ጽሑፉ ልብ የሚነካ ነው፤ ሕግ ግን የለበትም አለኝ።

ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል። ሕጉ ሣጥኑን የሚያጓጉዘው ሸሪፍ ወይም ምክትሉ ነው ይላል። የኦትሴጎው ሰው ዘመኑ አልቋል፤ ሸሪፍ አይደለም። ከዚያም በላይ በዚያው ሰሞን የከተማው ሱፐርቫይዘር ሆኖ ተመርጧል። ሸሪፍ ካልሆነ ምክትል ሊሾም አይችልም። ስለዚህ ሣጥኑ ኒውዮርክ የደረሰው በሕግ ፊት ማንም ባልሆነ ሰው እጅ ነው። ዛሬ ይህን ዝም ካልን ነገ ማንም ሣጥን ተሸክሞ መጥቶ ቁጠሩልኝ ይላል። ሥርዓት የሚያስፈልገው መራጩን ለመቅጣት ሳይሆን ሣጥኑ ውስጥ ያለው የመራጩ ስለመሆኑ እርግጠኛ ለመሆን ነው።

ኮሚቴው ሲቸግረው የጠየቃቸውን ሁለት ሰዎችም አነሳ። ሩፈስ ኪንግና አሮን በር። ሁለቱም በወቅቱ ኒውዮርክን የሚወክሉ የአሜሪካ ሴናተሮች፣ ሁለቱም ስመ ጥር ጠበቆች። ኪንግ የኦትሴጎ ድምፅ ይቆጠር አለ። በር አይቆጠር አለ። ኋላም ይህን አቋሙን የሚደግፍ አስተያየት ከሌሎች የሕግ ሰዎች አሰባሰበ። እንግዲህ ሁለት ትላልቅ ጠበቆች በተለያዩበት ነገር ላይ ሰባቱን ሌባ ማለት አይቻልም ሲል ደመደመ።

መልስ 5

ይህ የኔ ነው። በመጀመሪያ ሌባ የሚለውን ቃል አልጻፍኩም። ርዕሴ ጥያቄ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ግን ተማሪው ግማሹን ነው የነገረን። የኪንግ ክርክር ባዶ አልነበረም። አንድ ሹም ተተኪው ሥራውን እስኪረከብ ድረስ በቦታው ሆኖ የሠራው ሥራ ይጸናል የሚል ሐሳብ በእንግሊዝ ሕግ የቆየ ነው። ካውንቲ ያለ ሸሪፍ አይውልም። እስረኛ አለ፣ መጥሪያ አለ፣ ምርጫ አለ። ሕዝቡ ደግሞ ሸሪፍ ብሎ የሚያውቀው ያንኑ ሰው ነው። መራጩ ወደ ጣቢያ ሲሄድ የሸሪፉን የሹመት ደብዳቤ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን ሸሪፍ የሚሾመው በሕዝብ ምርጫ አይደለም። የሹመት ምክር ቤት የሚባል ነበረ። አራት ሴናተሮች ይቀመጡበታል፤ ሰብሳቢው አገረ ገዥው ነው። ለኦትሴጎ ሸሪፍ በጊዜው ማድረስ የመንግሥት ሥራ ነበር። መንግሥት ሥራውን አዘገየ፤ ዋጋውን መራጩ ከፈለ፤ ትርፉን ያገኘው ደግሞ የመንግሥቱ ራስ ነው። ይህ ለማንም ሚዛናዊ ሰው ሊዋጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሥርዓቱ ያለው ሣጥኑ እንዳይነካ ነው ከተባለ፣ ሰባቱ የጣሉት ሣጥኑ ተነክቷል ብለው አይደለም። ሸሪፉ ሸሪፍ አይደለም ብለው ነው።

መልስ 6

አንዲት እህት ገባች። አሜሪካ ውስጥ በምርጫ ጣቢያ እንደምትሠራ ነገረችን። የጻፈችው ከእኔም ከተማሪውም ይሻላል።

እሷ በምትሠራበት ቦታ እያንዳንዱ የድምፅ መያዣ በቁጥር ባለው ማሸጊያ ይታሸጋል። ቁጥሩ ይመዘገባል። ከጣቢያ ሲወጣ ከሁለቱ ፓርቲዎች የመጡ ሁለት ሰዎች አብረው ይፈርማሉ፤ ሲደርስም ቁጥሩ ይመሳከራል። ስለዚህ ተማሪው ስለ ርክክብ የጻፈውን ትረዳለች፤ ማን ከማን እጅ ተቀበለ የሚለው ነገር ቀልድ አይደለም አለች። ግን አንድ ጊዜ የመዝገቡና የማሸጊያው ቁጥር ሳይገጥም ቀርቶባቸው ነበር። ያደረጉት ነገር ሁሉንም አቁመው፣ ኃላፊ ጠርተው፣ ጉድለቱን ጽፈው፣ ከየት እንደመጣ መመርመር ነው። ድምፁን እንጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ጉድለት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሣጥኑ ተነክቷል ወይ የሚለው ነው። ማን ተሸከመው የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ተማሪው ለእሷ የመለሰው በአክብሮት ነው። እርስዎ እያለ። በ1792 ቁጥር ያለው ማሸጊያም የሁለት ፓርቲ ፊርማም ስላልነበረ ብቸኛው ዋስትና የሸሪፉ ሹመት ነበር አላት። ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ያኔ ግን ዋስትናው ሸሪፉ ብቻ አልነበረም። የከተማ ተቆጣጣሪዎቹ ማኅተምም ነበር።

መልስ 7

አጭር ጥያቄ። ሣጥኖቹ ዛሬ የት ናቸው? ቢያንስ የታሪክ ሰዎች ከፍተው አይቆጥሩም ወይ?

ተቃጥለዋል። የኦትሴጎ ድምፅ ሳይቆጠር እሳት ገባ። በጁን ክሊንተን አሸናፊ ተብሎ ታወጀ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያጣራው የሚችል ነገር አልቀረም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። እንጣለው ማለት አንድ ነገር ነው። አመድ ማድረግ ሌላ ነው።

መልስ 8

ይህን እንደጻፍኩ አንዱ ተቆጥቶ መጣ። ምን ያከራክራል፣ ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው አለ። ሰባቱን ኮሮጆ ገልባጮች አላቸው። ተማሪውን ደግሞ የሥልጣን ጠበቃ ብሎ ሰደበው። ከዚያ ወደ አገር ቤት ምርጫዎች ሄደና ፓርቲዎችን በስም እየጠራ ረጅም ነገር ጻፈ። የመድረኩ አስተዳዳሪ የመጨረሻውን ክፍል አንስቶታል። እኔም ለመንኩት። የአገራችን ነገር የራሱ ክር ይገባዋል፤ እዚህ ከተቀላቀለ ሁለቱንም አንረዳም።

ተማሪውም አልተቻለም። ስድብ የሚጀምረው ማስረጃ ሲያልቅ ነው ብሎ መለሰለት። ለጥቂት ጊዜ ክሩ የሁለቱ ግብግብ ሆነ።

መልስ 9

ያበረደው ዘጠነኛው ሰው ነው። ሁለቱንም ገሰጸ። ለቁጡው ያለው ይህ ነው። ከሰባቱ አንዱ ሜላንክተን ስሚዝ ነበር። በ1788 በፖኪፕሲ ጉባኤ የአዲሱን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጉድለት አጥብቆ የተቸ፣ ሥልጣን በጥቂት ሀብታሞች እጅ እንዳይገባ የተከራከረ፣ በመጨረሻ ግን ለአንድነት ሲል ድጋፍ የሰጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ኮሮጆ ገልባጭ ብሎ ማለፍ ንባብ ማነስ ነው አለ።

ለእኔም አልተመለሰም። ኦትሴጎን የነፃ ገበሬዎች አገር አድርገህ ሳልከው አለኝ። ኦትሴጎ ማለት ዊልያም ኩፐር ማለት ነው። ኩፐርስታውንን የቆረቆረ ባለ መሬት፣ የካውንቲው ዳኛ፣ የፌደራሊስቶች ዋና ሰው። ሰፋሪው መሬቱን የገዛው ከእሱ በዱቤ ነው። አበዳሪህ ዳኛም ከሆነ፣ ያ ዳኛ ጄይን ምረጥ ሲልህ ምን ያህል ነፃ ነህ? ከምርጫው በኋላ ኩፐር መራጮችን አስፈራርቷል የሚል ክስ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ነበር። ምክር ቤቱ ሊከሰው አልፈለገም። በዚያው ሰሞን የሰባቱን ጉዳይም መርምሮ ሰዎቹን ነፃ ለቀቃቸው።

ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የኩፐር ነገር ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ግን ሁለቱን ነገሮች እንለይ። ኩፐር ሰው አስፈራርቶ ከሆነ ኩፐር ይጠየቅ፤ ምስክር ይቀርብ፤ የተበከለው ድምፅ ተለይቶ ይውጣ። ሰባቱ የጻፉት ምክንያት ግን ይህ አይደለም። አንድም ቦታ ስለ ማስፈራራት አላሉም። በኩፐር ጥፋት የሸሪፍን ጉዳይ ማጽደቅ አይቻልም። ደግሞም ድምፁ በምስጢር የተጻፈ ወረቀት ነበር። ኒውዮርክ አገረ ገዥዋን በወረቀት ድምፅ መምረጥ የጀመረችው መራጩ ከባለ መሬቱ ዓይን እንዲያመልጥ ነው። ሣጥኑ ቢከፈት ኖሮ ስንቱ የኦትሴጎ ሰው ኩፐርን እንዳልሰማ እናውቅ ነበር።

መልስ 10

አሥረኛው ሁላችንንም ገፋ አደረገን። ስለ ሕዝብ ድምፅ ታወራላችሁ፤ የትኛው ሕዝብ? ለአገረ ገዥ ለመምረጥ ዕዳ ሳይቆጠር 100 ፓውንድ የሚያወጣ የራስ መሬት ያስፈልግ ነበር። ለታችኛው ምክር ቤት ያነሰ ይበቃ ነበር። በ1790 ቆጠራ ኒውዮርክ ከ340 ሺህ በላይ ሰው ነበራት፤ የተቆጠረው ድምፅ 16,772 ነው። ከ21 ሺህ በላይ ሰው ደግሞ በባርነት ይኖር ነበር። በባርነት ያለው ሰው ቁጥር ከመራጩ ይበልጥ ነበር አለ።

ቀጥሎ የጻፈው ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። በምርጫው ዘመቻ በጄይ ላይ ከተነሱት ነገሮች አንዱ ባሪያ ነፃ አውጪነቱ ነው። በ1785 የተመሠረተው የኒውዮርክ ነፃ አውጪ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት እሱ ነበር። ባሪያ ያላቸው የደች ገበሬዎች ይህ ሰው ቢመረጥ ንብረታችንን ይወስድብናል እየተባሉ ይሰበኩ ነበር። የሚያሳዝነው ጄይ ራሱም በቤቱ ባሪያዎች ነበሩት።

እኔ እዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። 108 ድምፅ ተራ ቁጥር ያልሆነው ለዚህም ነው። ጄይ በኋላ አገረ ገዥ ሲሆን፣ በ1799 ቀስ በቀስ ነፃ የማውጣቱን ሕግ ፈርሟል። ከጁላይ 4 ቀን 1799 በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ ነፃ ነው ተባለ፤ ግን ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመት ለእናቱ ጌታ ማገልገል ነበረባቸው። ጎደሎ ሕግ ነው። ግን በ1792 የማን ድምፅ ተቃጠለ ስንል፣ አብሮ ምን እንደዘገየ ማሰብ አለብን።

መልስ 11

ጄይ ራሱ ምን አለ? ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ።

ዜናውን የነገረችው ከኒውዮርክ የምትጽፍለት ሚስቱ ሳራ ናት። የመለሰላት ደብዳቤ ተገኝቷል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጥቂት ዓመታት አልፈው ሁላችንም አፈር ስንሆን፣ ግዛቲቱን ከማስተዳደሬ ይልቅ ራሴን ማስተዳደሬ ይበልጥብኛል። ከቬርሞንት ሲመለስ በላንሲንግበርግ፣ በኦልባኒና በሌሎችም ከተሞች ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። በግብዣ ላይ በሕዝብ ድምፅ አገረ ገዥ የሆነው ጄይ እየተባለ ጽዋ ተነሳለት። ተቆጥቶ ተነሱ ቢል የሚነሳ ሕዝብ ነበር። እሱ ግን ሕጉን በሕጉ መንገድ እንጂ በሌላ አንነካውም አለ። ሃሚልተንም ለሩፈስ ኪንግ የጻፈው ተመሳሳይ ነው። ልዩ ጉባኤ ጠርተን እንገልብጠው የሚሉ ፌደራሊስቶች ነበሩ፤ በሕግ በማይታወቅ መንገድ አይሆንም ብሎ ከለከለ።

መልስ 12

እዚህ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ቁጡውና ተማሪው ተስማሙ።

ቁጡው ጄይን ፈሪ አለው። በራስ ላይ መንገሥ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የተጣለው የሱ ድምፅ አይደለም፣ የመራጮቹ ነው አለ። የሰው ገንዘብ ሲሰረቅ ይቅር ማለት ማንም ይችላል። ተማሪውም ደገፈው። ሕጉ ተጥሷል ብሎ ካመነ መከራከር ግዴታው ነበር፤ ዝም ካለ ግን ኮሚቴው ልክ ነበር ማለት ነው ብሎ ወደ ራሱ ወንዝ ሳበው።

ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ጄይ ወዴት ይሂድ? የኮሚቴው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል ሕጉ። ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት የለም። ድምፁ ተቃጥሏል። የቀረው መንገድ አደባባይ ብቻ ነበር። ከአንድ ጦርነት ከወጡ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላቸው፣ ጠመንጃ በየቤቱ ያለ ሕዝብ ነው። ዝም ማለቱ መስማማት አልነበረም። ደጋፊዎቹ በየከተማው ስብሰባ ጠሩ፣ ለምክር ቤቱ አቤቱታ ላኩ፣ በጋዜጣ ጻፉ። ጄይ ያንን አልከለከለም። የከለከለው ከሕግ ውጭ የሚሄደውን ነው። ይህን ፍርሃት የሚለው ሰው፣ ተነሱ ቢል ምን ይሆን እንደነበር ደግሞ ይንገረን።

መልስ 13

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ። አንዱ አሮን በርን አነሳ። ያው ሰው በ1804 ራሱ ለኒውዮርክ አገረ ገዥነት ተወዳድሮ በሞርጋን ሉዊስ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት በጁላይ ሃሚልተንን በሽጉጥ ፍልሚያ ገደለው። ሌላው ማሳቹሴትስ ገባ። በ1812 አገረ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ የሴኔት ወረዳዎችን ለፓርቲው እንዲመች አድርጎ የሚያጠማዝዝ ሕግ ፈረመ። ፓርቲው ሴኔቱን ያዘ። ጌሪ ራሱ ግን ለአገረ ገዥነት በኬሌብ ስትሮንግ ተሸነፈ። አገረ ገዥ የሚመረጠው በመላው ግዛት ስለሆነ ወረዳ ማጠማዘዝ አይረዳውም። ይህ ሰው ያለው ልክ ነው፤ ለዚህም ነው ኒውዮርክ ላይ ሥራው የተሠራው ወረዳ ላይ ሳይሆን ቆጠራው ላይ የሆነው።

መልስ 14

የመጨረሻውን ፍሬ ነገር ያመጣው ይኼ ነው። በ1795 ክሊንተን አልተወዳደረም። ጄይ ሮበርት ዬትስን አሸነፈ። ሲመረጥ አገር ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ከእንግሊዝ ጋር ለመደራደር ለንደን ሄዶ ነበር። ተመልሶ ዋና ዳኝነቱን ለቀቀና እስከ 1801 አገረ ገዥ ሆነ።

በ1800 ደግሞ ፌደራሊስቶች የኒውዮርክን ምክር ቤት ተሸነፉ። አዲሱ ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን የግዛቲቱን ወኪሎች ከተቀናቃኙ ከጄፈርሰን ወገን ሊሰይም ነው። ሃሚልተን ለጄይ ደብዳቤ ጻፈ፦ አሮጌውን ምክር ቤት በአስቸኳይ ጥራና ወኪሎቹ የሚሰየሙበትን ሕግ እንቀይር። ጄይ አልመለሰለትም። ደብዳቤው ላይ ይህ ለፓርቲ ጥቅም የቀረበ ሐሳብ ነው፣ እኔ ልቀበለው አይገባኝም የሚል ማስታወሻ ጻፈና አስቀመጠው።

በ1792 የተጎዳው ሰው በ1800 ሌላውን ለመጉዳት ዕድል አገኘ። አላደረገውም። ቁጡው ወዳጃችን ይህን ካነበበ በኋላ ፈሪ የሚለውን ቃሉን አንስቷል። ለዚህ አከብረዋለሁ።

መልስ 15

ተማሪው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ለዘብ ብሎ። ክሊንተን ካውንቲን በተመለከተ ሐሳቤን አሻሽያለሁ አለ። እዚያ ሸሪፉ ትክክለኛ ሸሪፍ ነው፤ የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ መቆጠር ነበረበት። ቲዮጋም በታመመ ሰው ምክንያት መውደቁ ከብዶታል። ኦትሴጎ ላይ ግን አልነቃነቅም፤ ሸሪፍ የሌለበት ካውንቲ ሸሪፍ የለውም አለ።

እኔም አልተነቃነቅኩም። ወንበሩን የሚወስነው ኦትሴጎ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ትንንሽ ካውንቲዎች ሰጥቶ ትልቁን መያዝ ልዩነታችንን አያጠበውም። ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት። ሰባቱ ኦትሴጎ በሕግ አይቆጠርም ብለው ከልብ ካመኑ፣ ወረቀቱን ለማቃጠል ለምን ቸኮሉ? ቢያንስ ምክር ቤቱ እስኪሰበሰብ ማኖር አይችሉም ነበር? ሕጉ ከቆጠራ በኋላ ይቃጠል ስለሚል ነው ብሎ መለሰ። የኦትሴጎ ወረቀት ግን አልተቆጠረም አልኩት። ምርጫ ጣቢያ የምትሠራዋ እህት እሷም የምትጠይቀው ይህንኑ እንደሆነ ጻፈች። ተማሪው ላስብበት ብሎ ወጥቷል። የ1804ቱን ምርጫ ያነሳው ሰው ለበርና ለሉዊስ ሌላ ክር እንደሚከፍት ነግሮናል፤ የሽጉጡን ወሬ ወደዚያ ውሰዱት።